የልጅን ሐሳብ የሚቀበለው ክፍል፦ በአንድ የቤተሰብ ችሎት ያገኘነው አገልግሎት

እህቴ ባሏን የፈታችው ይደበድባት ስለነበር ነው። ከፍቺው በኋላ አባትየው የዘጠኝ ዓመት ልጁን መጎብኘት እንዲፈቀድለት አመለከተ፤ ችሎቱም ከመወሰኑ በፊት ልጁ በማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ዘንድ ሐሳቡን እንዲገልጽ አዘዘ። በቀጠሮው ቀን ልጁን ወደ ፍርድ ቤቱ ይዤው የሄድሁት እኔ ነኝ።

ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ ዝቅ ያሉ ወንበሮችና የቀለም እርሳሶች አሉት። ባለሙያዋ ከልጁ ትይዩ በትንሿ ወንበር ተቀመጠች፤ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ልጁ እስኪለምዳት እንድቆይ ስለፈቀደችልኝ አጀማመሯን ሰምቻለሁ፦ «ከእናትህና ከአባትህ ማንን ትመርጣለህ?» አላለችውም፤ «ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ታደርጋለህ?» ብላ ጀመረች። ሪፖርቱ በችሎት ሲነበብ እንደሰማነው፣ ልጁ አባቱን ማየት እንደሚፈልግ፣ ነገር ግን እናቱ እንድታደርሰው እንደማይፈልግ ተናግሯል። ከሁለቱም ወላጆች ማመልከቻ ውስጥ ስለ ርክክቡ አንድም ቃል አልነበረም፤ አደጋው ያለው በር ላይ መሆኑን የነገረን ልጁ ነው። ዳኛዋም ልጁን የምታደርሰውና የምትመልሰው አያቱ እንድትሆን ወሰኑ።

አገልግሎቱ የተበላሸው ከክፍሉ ውጭ ነው። ተራችንን የጠበቅነው አባትየው ከተቀመጠበት አግዳሚ ፊት ለፊት ነበር፤ ልጁ ወደ ውስጥ የገባው በአባቱ ዓይን ሥር ነው። ከዚያም የልጁ ቃል እንዳለ በችሎት ተነበበ። በመጀመሪያው የጉብኝት ቀን አባትየው ያስቀደመው ጥያቄ «ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?» የሚል እንደነበር ልጁ ራሱ ነግሮኛል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 113 ስለ ልጆች አጠባበቅና ጉብኝት ሲደነግግ የልጆቹ ዕድሜና ጥቅም እንዲታይ ያዝዛል እንጂ ሐሳባቸው ይጠየቅ አይልም፤ በጉዲፈቻ ጊዜ ግን የልጁን አስተያየት ማየት ግዴታ ነው፤ ይህ ልዩነት ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ክፍተቱን የሚሞላው ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ሲሆን፣ አንቀጹን የተረጎመው የኮንቬንሽኑ ኮሚቴ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያ፣ ልጅ በሚያስፈራው ሁኔታ ውስጥ ሆኖ በአግባቡ ሊደመጥ እንደማይችል፣ ቢቻል ከግልጽ ችሎት ውጭ ምስጢሩ ተጠብቆ እንዲደመጥና ሐሳቡ ምን ያህል ክብደት እንደተሰጠው ተመልሶ እንዲነገረው ይጠይቃል። ለእኛ ልጅ ተመልሶ የነገረው የለም። ውሳኔውን የሰማው ከእህቴ ነው፤ ባለሙያዋ ዘንድ የተወው ሥዕል የት እንደደረሰ እስካሁን ይጠይቀኛል።

ባለሙያዋን ያለ ማመንታት አመሰግናለሁ። ተመሳሳይ ቀጠሮ ያላችሁ ግን ከቀኑ አስቀድማችሁ ልጁ ከአባቱ ተለይቶ እንዲጠብቅና ቃሉ እንዳለ እንዳይነበብ በጽሑፍ አመልክቱ። እኛ አላመለከትንም፤ መጠየቅ እንደሚቻልም የነገረን አልነበረም።