ዘጠኝ ወር ከዋሻ ቬንትሌተራችን ጋር

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ሸለቆ ውስጥ በማኅበር ተደራጅተን የድንጋይ ከሰል እናወጣለን። ዋሻችን 80 ሜትር ገብቷል። ለዋሻው አየር የሚነዳውን ባለ 5.5 ኪሎ ዋት ማራገቢያ፣ ቬንትሌተሩን፣ ከነሸራ ቱቦው የገዛነው መስከረም ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ ጠባዩን አውቀነዋል።

በፊት የምንተማመነው ከኮረብታው ላይ ወደ ታች በቆፈርነው መተንፈሻ ነበር። በኅዳር ውርጭ፣ ጠዋት ጠዋት፣ አሪፍ ይሠራል። ውጭው ሲበርድ ሞቅ ያለው የዋሻው አየር በመተንፈሻው ይወጣል፣ ንጹሑ በአፉ ይገባል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ግን ውጭና ውስጡ ይስተካከልና አየሩ ቀጥ ይላል። ልጆቹ ራሳቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። ሳስበው አሁንም ሆዴ ይባባል።

ቬንትሌተሩን ስንገዛ የዋሻውን አየር ስቦ እንዲያወጣ ነበር ያሰብነው፤ አቧራውንም ይዞ ስለሚወጣ። አንድ ነባር ቆፋሪ ግን «ኩራዝ እፍ ብትለው ይጠፋል። ወደ ውስጥ ብትስብ ግን አፍህን ካላስጠጋህ ነበልባሉ አይነቃነቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። የሚነፋ አየር ሩቅ ይደርሳል፤ ሲሳብ ግን ከቱቦው አፍ እምብዛም አያልፍም። ከከሰሉ የሚወጣው ሚቴን የሚባለው ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚቀል ጣሪያ ሥር ይጠራቀማል። ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ከሆነ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። እሱን ከቁፋሮው ጫፍ ጠርጎ የሚያወጣው የሚነፋው አየር ነው። ስለዚህ እንነፋለን። አቧራው በመውጫው በኩል ሰው ላይ ይመጣል፤ ውኃ እየረጨን እናስታግሰዋለን።

መጀመሪያ የዋሻው አፍ ላይ ነበር የተከልነው። የወጣውን ቆሻሻ አየር መልሶ ሲያስገባ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልነቃንም። አሁን ራቅ አድርገን፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል አስቀምጠነዋል።

ጥር ላይ መስመር ተጠግኖ መብራት ሲመለስ ሞተሩን አስነሳነው። ድምፁ ያው ነው። ቱቦው ግን እንደ ባዶ ጆንያ ተጣበቀ። ለካ ፌዞቹ፣ ማለትም መብራት የሚያመጡት ሦስቱ ሽቦዎች፣ ተለዋውጠው ወደ ኋላ እየዞረ፣ አየር እየሳበ ኖሯል። ውስጡ የሽቦ ቀለበት የሌለው ሸራ ደግሞ ሲሳብ ይጨማደዳል። ሁለት ሽቦ አቀያየርንና ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ቱቦው ተነፍቶ መወጠሩን በእጄ ሳልዳስስ ማንንም አላስገባም። መብራት ከጠፋ ሁሉም ወዲያው ይወጣል። ሲመለስም እየነፋን ቆይተን፣ በጋዝ መለኪያ አይተን ነው የምንገባው።

የምትገዙ ሰዎች፣ የቬንትሌተሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የአየር ግፊት እንዳለ አትውሰዱ። እኛ ያለንበት ከፍታ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቬንትሌተሩ የሚሰጠው ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስንገዛ ይህን የነገረን የለም።

ሞተሩ እስካሁን አላሳፈረንም። ኩሽኔታውን አንዴ ግራሶ ቀባነው፣ በቃ። ጩኸቱ ግን ያሰጋኛል፤ ጣሪያው ሲንቋቋ አያሰማም። ደካማው ቱቦው ነው። የባሕር ዛፍ ድጋፎቹ ጫፍ አራት ጊዜ ቀዶታል። በእያንዳንዷ ቀዳዳ ለሰው የሚደርሰው አየር ሜዳ ላይ ይቀራል።

ዋሻው ሲረዝም ትልቅ ሞተር እንግዛ የሚሉ አባላት አሉ። እኔ አልስማማም። ቱቦው ከ400 ወደ 600 ሚሊሜትር ቢሰፋ፣ ያንኑ አየር ለመግፋት የሚያስፈልገው ግፊት ከአንድ ሰባተኛ በታች ይወርዳል። የሚቀጥለው ገንዘባችን ቱቦ ላይ ይውላል።