የእንጀራዬን ዓይን ለመለሰልኝ የኤሌክትሪክ ባለሙያ

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነኝ። ነጭ ጤፍ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ እየጋገርኩ ፒያሳ ላሉ ሦስት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ባለሙያን ለማመስገን ነው። ስሜን እንዳይጽፉ ብሎኛልና ቃሉን አከብራለሁ።

ነገሩ በእንጀራ ጀመረ። ሐምሌ እንደገባ እንጀራዬ ዓይን ማውጣት አቆመ። ሊጡ ያው፣ እርሾው ያው፣ እጄም ያው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጤፍ ነጋዴውን ነበር፤ ይቅር ይበለኝ፣ ፊት ነስቼዋለሁ። ቀጥሎ ብርዱን ወቀስኩ። የደሴ ጉም በክረምት ቤት ድረስ ስለሚገባ ሊጥ ቶሎ አይመጣም። አብሲቱን አበዛሁ፣ ቀነስኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ድፍን እንጀራ እያወጣሁ ስበሳጭ አንደኛው ምግብ ቤት ሙሉ መሶብ መለሰልኝ። በዚያው ሳምንት የጎረቤቴ የእማማ ቴሌቪዥን ጢሱን አውጥቶ ሞተ። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ብዬ እንዴት ልገምት?

መጥቶ ያየው የመጀመሪያው ሰው አምፖሉን ቀና ብሎ ተመለከተና «ኃይል አንሷል፣ ስታቢላይዘር ይግዙ» አለኝ። የሚሸጥበትንም ሱቅ ጠቆመኝ። ለመግዛት ብር እያሰባሰብኩ ሳለ ነው ዘመዴ ይህን ልጅ የላከልኝ።

ቤት እንደገባ ምንም አልነካም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እትዬ፣ እርስዎ ምጣድ ሲለኩሱ የጎረቤት መብራት ይደበዝዛል ወይስ ይደምቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። የሰው ቤት መብራት ማን ይከታተላል? አላውቅም አልኩት። «እንግዲያው እናያለን» አለኝ፤ እኔም እማማን በአጥር ላይ ጠራኋቸው። እኔ ምጣዱን ለኮስኩ። የእኔ አምፖል ወዲያው ገረጣ። ከአጥሩ ማዶ እማማ «ወይ ጉድ! የእኔማ እንደ ሙሽራ ቤት በራ!» ብለው ጮኹ። ምጣዱን አጠፋሁ። «ተመለሰ!» አሉ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፤ እማማ ጨዋታው ጥሟቸው አራተኛ ይደገም ብለው ነበር። ልጁ በመለኪያው ሲያነብ 220 ቮልት መሆን የሚገባው ምጣዱ ሲሠራ እኔ ቤት 168፣ እማማ ቤት 250 ነበር።

ያስረዳኝን በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ከምሰሶው የሚመጡት መስመሮች ሦስት ፌዞች ናቸው፤ እኔና እማማ በተለያየ ፌዝ ላይ ነን። የሁላችንም መመለሻ ግን አንድ ኒውትራል ነው። የኒውትራሉ ማያያዣ ሲላላ ብዙ የሚጎትተው ቤት ይራባል፣ የማይጎትተው ደግሞ ከልክ በላይ ይጎርሳል። ኒውትራሉ ጨርሶ ቢበጠስ አንዳንዱ ቤት እስከ 380 ቮልት ሊደርስበት ይችላል። የእማማን ቴሌቪዥን የገደለው የእኔ ምጣድ ነው ማለት ነው፤ እኔም ሳላውቅ። የእንጀራውም ምሥጢር እዚሁ ላይ ተፈታ። ቮልቱ ሲወርድ ሙቀቱ ከዚያ በባሰ ይወርዳል፤ 168 ላይ ምጣዱ ከሚገባው ሙቀት ከአሥር እጅ ስድስቱን እንኳ በቅጡ አያገኝም። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ደግሞ ምጣዱ በደንብ ሲግል ነው።

«ስታቢላይዘሩስ?» ስለው ሳቀ። ስታቢላይዘር የጎደለውን ለመሙላት ከመስመሩ ተጨማሪ ይስባል፤ የላላው ማያያዣ የባሰ ይግላል፣ የእማማም ፍሪጅ ይከተላል አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን መሸጡን ነበር የሚያስበው።

ምሰሶው ላይ ግን አልወጣም። «ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም፣ ማንም ገመድ ጠምዝዤ ላስርልዎ ቢልዎ እሺ እንዳይሉ» ብሎ ወደ መብራት ኃይል 905 ደውዬ እንዳስመዘግብ፣ ስደውልም «መብራት ቀነሰ» ሳይሆን «አንዱ ቤት ሲቀንስ ሌላው ቤት ይጨምራል» እንድል አስጠናኝ። እስኪሠራ ድረስ ምጣድ እንዳልለኩስ፣ እማማም ፍሪጃቸውን እንዲነቅሉ አዘዘ። የመስመር ሠራተኞቹ በማግስቱ መጥተው፣ በዝናብና በዕድሜ የተበላውን ማያያዣ ቀየሩት።

ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን በተመለከተ ጥፋተኛዋ እኔው ነኝ። አምና ብሬከሩ እየዘለለ ሲያስቸግረኝ አንድ ሰው ጠርቼ ነበር። አሮጌውን ነቅሎ ባለ 40 አምፔር ተከለልኝ። መዝለሉን ስላቆመ መርቄ ሸኘሁት። ይህ ልጅ የምጣዱን ሶኬት ፈትቶ አሳየኝ፤ ፕላስቲኩ እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል፣ የሽቦው ልባስ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ለአምፖል የሚሆን 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ነው አሉ የተዘረጋው። የእኔ ምጣድ 3,500 ዋት ስለሆነ ብቻውን ወደ 16 አምፔር ይስባል። ብሬከሩ እየዘለለ ይጮህልኝ የነበረውን እኔ አፉን አስያዝኩት። አንድ ዓመት ሙሉ እሳት አጠገብ ተኝተናል።

ለምጣዱ ብቻ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የራሱን 20 አምፔር ብሬከር ዘረጋልኝ። የሾለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያስገባውን ዘንግ ደግሞ አፈሩ ከማይደርቅበት ከልብስ ማጠቢያው ሥር ተከለው። ሊጥ በነካ እጄ ምጣዱን ስነካ ይነዝረኝ ስለነበር የፕላስቲክ ጫማ አድርጌ እጋግር እንደነበር ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። አሁን አይነዝረኝም።

ዕቃውን አብረን ሄደን ገዛን፣ ደረሰኙም በእጄ ነው። ለእጁ ዋጋ 1,200 ብር ነው የተቀበለኝ። የእማማን ቤት ያየበትን ግን እምቢ ብሏቸው ቡና ብቻ ጠጥቶ ሄደ። ሰዓት አክባሪ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ሦስት ሰዓት ብሎኝ የመጣው ለምሳ ሊቀርብ ሲል ነው። ስልኩንም ሥራ ላይ ከሆነ አያነሳም። እኔ ግን እየለካ የሚዘገይን እየገመተ ከሚፈጥን አስበልጣለሁ።

ደሴ ውስጥ የትም ይመጣል፣ ሥራ ካለ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻም ይሄዳል። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መልእክት ጻፉልኝ። ከመምጣቱ በፊት ግን ምጣዳችሁን ለኩሳችሁ የጎረቤታችሁን መብራት አስመልክታችሁ ጠብቁት፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።