ታንክ ለሚጫወት ሰው፦ ባህር ዳር የሰፈራችን ጌም ቤት ሪቪው

ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ የሰፈር ሰው ነው፣ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ የማገኘው፣ እና ከታች ስለ ኪቦርዱ የጻፍኩትን ካየ በኋላም ሰላም እንዲለኝ እፈልጋለሁ። ወደ ፔዳ መሄጃ አካባቢ ነው፣ በዚህ ይብቃችሁ።

ከፊት ያለው ፕሌይስቴሽን ነው፣ ሁሌም ሙሉ ሁሌም ጩኸት፣ ፊፋ ለሚጫወት ሰው ምንም የምለው የለኝም 5 ኮከብ ስጡት። እኔ የማወራው ከመጋረጃው ጀርባ ስላሉት 5 ኮምፒውተሮች ነው። ሰዓቱ 50 ብር ነው፣ እኛ አራት ጓደኛሞች ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እየገባን ፋይናል ፋንታሲ 14 የሚባለውን የኦንላይን ጌም እንጫወትባቸዋለን። ለምን እሱን ካላችሁ ነፃ ስለሆነ ነው በቃ። ፍሪ ትራያሉ (ነፃ መሞከሪያው) እስከ ሌቭል 70 ያስኬዳል፣ ይሄን ያህል ቀን ብቻ ብሎ አያባርርህም፣ ዶላር ካርድ ፍለጋ አያንከራትትህም። ፓርቲ (አብሮ የሚገባ ቡድን) መፍጠር ግን አይፈቅድልህም፣ ስለዚህ ካናዳ ያለ አጎቱ ሙሉውን የገዛለት ጓደኛችን ይጠራናል እኛ እንገባለን (ሻይ ከፍሎ የማያውቀውም በዚህ ምክንያት ነው)።

እኔ ታንክ ነኝ። ለማያውቅ ሰው፣ ዳንጀን (ጠላት የሞላበት ቦታ) የሚገባው በ4 ነው፣ ከፊት የሚቆም አንድ ታንክ፣ ሰው የሚያድን አንድ ሂለር፣ ጠላት የሚመቱ ሁለት ዲፒኤስ። የታንክ ስራ ዱላ መቀበል ይመስላል እንጂ ዋናው እሱ አይደለም፣ የጠላት ዓይን ከሱ ላይ እንዳይነሳ ማድረግ ነው፣ አግሮ መያዝ የምንለው። አንድ ጠላት ከሆነ ማንም ይይዘዋል፣ ስድስት ሰባት ሲሆኑ ነው ጉዱ። ልጅ እያለሁ ክረምት ክረምት አያቴ ጋ ከብት ስለጠበቅኩ ሌላ ምሳሌ አይመጣልኝም፣ በሬዎቹን እያየህ አንዷ ጊደር ሾልካ የሰው ጤፍ ውስጥ ትገባለች። ያ ጤፍ እንግዲህ ሂለራችን ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እያንዳንዱ ጠላት የየራሱ የቂም ደብተር አለው በሉት፣ ማን ስንት እንደመታው እየጻፈ ከላይ ያለውን ሰው ነው የሚከተለው። ችግሩ ሂለር ሰው ስታድን ድርጊቷ ጠብ ውስጥ ያሉት ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ አንተ ያልነካኸው ጠላት ካለ የሱ ደብተር ላይ ያለው ስም የሷ ብቻ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደሷ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ግላዲያተር (ጋሻ የሚይዘው ታንክ) ሆነህ ስትጀምር ስታንሱን፣ ቂሙን ሁሉ ወዳንተ የሚስበውን፣ አይረን ዊል የሚሉትን፣ ታበራለህ (ብዙ አዲስ ታንክ እሱን ረስቶ ነው የሚሰደበው)፣ ከሩቅ ጋሻህን ወርውረህ አንዱን ትጠራለህ፣ መሀላቸው ገብተህ ቶታል ኢክሊፕስ ትጫናለህ፣ እሱ በዙሪያህ ያለውን ሁሉ ባንዴ ይመታል፣ ከዛ ሳትቆም እየሮጥክ ቀጣዩን ፓክ (የጠላት መንጋ) እንደዛው ታደርግና ሁሉንም ጎትተህ አንድ ቦታ ትቆማለህ። ዲፒኤሶቹ ቁጭ ብለው ያጭዱልሃል።

እና ይሄ ከባድ አይደለም እኮ። ከ2019 ወዲህ በጣም አቅልለውታል፣ ስታንስህ በርቶ ሁሉንም እየነካህ ከሆነ ማንም አይነጥቅህም። ለዛ ነው ይሄን ሪቪው የምጽፈው፣ እኔ እዚህ ቤት አግሮ በጠፋብኝ ቁጥር ጥፋቱ ከጌሙ አይደለም ብዙ ጊዜም ከኔ አይደለም፣ ከቤቱ ነው።

መጀመሪያ ኢንተርኔቱ። ሰርቨሩ አውሮፓ ነው፣ ፒንጉ (እዛ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው) ብዙውን ጊዜ 160 ሚሊሰከንድ ምናምን ነው፣ እሱ ምንም አይልም፣ ዋና ዋናዎቹ ምቶች በ2.5 ሰከንድ አንዴ ስለሆኑ ትንሽ መዘግየት ይዋጣል። የሚገድለው ከፊት ያሉት ፕሌይስቴሽኖች አፕዴት ማውረድ ሲጀምሩ ነው። ጠላቶቹ ደርቀው ይቆማሉ፣ አንተ እየሮጥክ ያለህ ይመስልሃል፣ ከዛ ሲለቀቅ ሁሉም ሂለሯ ላይ ሰፍረው ታገኛቸዋለህ ልክ ቀፎው እንደተነካ ንብ። "ጋሼ ኧረ ማውረዱን አቁምልን" ስለው "አንተ ልጅ ታገስ እንጂ፣ ሲጨርስ ይለቃል" አለኝ። ለቀቀም፣ ከሞትን በኋላ።

ስክሪኖቹ ያረጁ ናቸው፣ እኔ የምቀመጥበት 3 ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ቀይና ብርቱካንማ አይለይም። ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለታንክ ግን የጠላቶቹ ዝርዝር ላይ ከስማቸው አጠገብ ያለችው ምልክት ናት ሁሉን የምትነግርህ፣ ቀይ ከሆነች ያንተ ነው፣ ብርቱካንማ ከሆነች ሌላ ሰው ይዞታል። እንደ እድል ሆኖ ቀይዋ አራት ማዕዘን ብርቱካንማዋ ሦስት ማዕዘን ናት፣ በቅርጽ ለምጄዋለሁ።

አሁን ኪቦርዱ። አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ የተለቃቀመ ነው፣ 3 ቁጥር ላይ ያለው ጥቁሩ ደሞ የሆነ ሰው ማንጎ ጁስ ደፍቶበት የ2 ቁጥር ቁልፉ ይጣበቃል። እኔ ቶታል ኢክሊፕስን ያደረግኩት 2 ላይ ነው። ሳስታሻ ላይ፣ የመጀመሪያው ዳንጀን ነው፣ የባህር ወንበዴዎች ያሉበት፣ ሁለት ፓክ ባንድ ላይ ጎትቼ መጥቼ ቆምኩ፣ 2ን ተጫንኩ፣ ወረደ አልተመለሰም። አንዴ መታ ከዛ ዝም። ሂለራችን ፖሊ የምትማር ልጅ ናት፣ 4 ቁጥር ላይ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፣ ሄድሴት አያስፈልገንም።

"አንተ! እየበሉኝ ነው እኮ!"

"ተጭኛለሁ!"

"ምኑን ነው የተጫንከው?!"

በጥፍሬ ቁልፉን ልነቅል እየታገልኩ ነው። በሌላኛው እጄ ፕሮቮክ አደረግኩ፣ እሱ የጠላቱን ደብተር ገልብጦ አንተን ከላይ ያደርግሃል፣ ግን የሚጠራው አንዱን ብቻ ነው፣ እስኪመለስ ደሞ 30 ሰከንድ ነው። አንዱ ወደኔ መጣ ሦስቱ እሷን ጨረሷት፣ ሂለር ከሞተች በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልግም። ሻይ ከፋይ እኔ ሆንኩ።

መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለ፣ እስኪነሳ ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ አንተ ከዳንጀኑ ወጥተሃል፣ ታንክ በሌለበት የቀሩት ምን እንደሚሆኑ አስቡት። ወንበሮቹ ግን አሪፍ ናቸው፣ ቤቱ ንጹህ ነው፣ ከሰዓት መስኮቱ ሲከፈት ከጣና በኩል የምትመጣው ንፋስ የኮምፒውተሮቹን ሙቀት ታስረሳለች። ሰውየውም ደግ ነው፣ የሞትንበትን ሰዓት ግማሹን ምሮናል። ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ፣ ፒንጉ ሰላም የሆነ ቀን 4።

ከቅሬታዬ በኋላ በሳምንቱ ስንሄድ 2 ቁጥሩ ተሰርቶ ጠበቀኝ። ውስጡን በአልኮል ጠርጎ፣ አሮጌው ቁልፍ ሲነቀል ስለተሰበረ ጥቁሩ ኪቦርድ ላይ አንድ ነጭ ቁልፍ ሰክቶበታል፣ ጥርስ ይመስላል። ታም ታራ ገባን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ጎተትኩ፣ ዝርዝሩ ላይ ሁሉም አራት ማዕዘን፣ አንድም አልሾለከ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል ሂለራችን ዝም ብላ የራሷን ነጭ ኪቦርድ እያየች ነው። 1 አለ፣ 3 አለ፣ መሀል ላይ ያለችው የጎማ ጉብታ ብቻ ናት፣ እሷን በጣቷ እየተጫነች ነው ዳንጀኑን ሙሉ ያዳነችን።