የዋንጫ ግጥሚያ ወይስ ዳኛ የሌለው ጨዋታ?

የተጣሉ ሰፈሮችን በዋንጫ ማጋጠም ለማዘጋጀት ይቀላል፤ ግን ጠቡን ማሊያ አልብሶ ሜዳ ያስገባዋል። አንድ አወዛጋቢ ፍጹም ቅጣት ምት ድንጋይ ያወራውራል። የዳኛ አበልና የሽልማት ወጪም አለ።

እኛ የምንመርጠው የኮሎምቢያ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች አንድሬስ ኤስኮባር በ1994 እ.ኤ.አ. ከተገደለ በኋላ በአገሩ ከተማ ሜዴሊን የተጀመረውን ዳኛ የሌለው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ሴትና ወንድ አብረው ይሰለፋሉ፤ የመጀመሪያዋን ጎል ሴት ታገባለች። ተጫዋቾቹ ቀድመው በሕጉ ይስማማሉ፤ ሲያበቃ ክብ ሠርተው ይወያያሉ፤ ለተጋጣሚያቸውም የመልካም ጨዋታ ነጥብ ይሰጣሉ። ዛሬ በተለመደው አሠራር አሸናፊ 3፣ አቻ 2፣ ተሸናፊ 1 ያገኛል፤ በዚህ ላይ እስከ 3 የመልካም ጨዋታ ነጥብ ስለሚደመር የተሸነፈው ሊበልጥ ይችላል። ኳስ፣ ለጎል አራት ድንጋይና ውይይቱን የሚመራ ሸምጋይ ይበቃል።

የሚበላሸው ሸምጋዩ ከአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ነው፤ ከሁለቱም ሰፈር አንድ አንድ ይሁኑ። ሲመሽ ውይይቱ ስለሚዘለል ጨዋታውን አሳጥሩ እንጂ ውይይቱን አትንኩ።