ጋይላርዲያ፦ የአንድ ዓመቱ ወይስ የሚከርመው?

«የብርድ ልብስ አበባ» የሚባለው ጋይላርዲያ የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነው። በአትክልት ቦታ ከሚዘሩት የዱር ዝርያዎቹ ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ ፑልኬላ እና አሪስታታ።

ፑልኬላ የአንድ ዓመት ተክል ነው። በተዘራ በጥቂት ወራት ጫፉ ቢጫ የሆነ ቀይ አበባ ያወጣል፣ ዘሩን አራግፎም ይሞታል። የአሜሪካዋ ግዛት ኦክላሆማ እ.ኤ.አ. በ1986 የግዛቷ የዱር አበባ ብላ የመረጠችው ይህንኑ ነው። አሸዋማ የባሕር ዳርቻ ላይ ሳይቀር ይበቅላል፤ ጨዋማ ነፋስ ብዙም አይጎዳውም።

አሪስታታ ግን በሰሜን አሜሪካ የሮኪ ተራሮች አካባቢ ተክል ነው። አሳሹ ሜሪዌዘር ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1806 ሞንታና ውስጥ ናሙናውን ሰብስቧል። ሥሩ ከርሞ ዳግም ያቆጠቁጣል፣ ከባድ ብርድም ይችላል። ቢጫው ያመዝናል፤ ቀዩ ወደ መሐሉ ይጠጋል። ብዙውን ጊዜ ደህና አድርጎ የሚያብበው በሁለተኛው ዓመት ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አዘራራቸው አንድ ነው። ዘሩ ለመብቀል ብርሃን ስለሚረዳው አፈሩ ላይ በትኖ በመዳፍ ጫን ማድረግ ይበቃል፤ ቀብሮ መዝራት አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይስጧቸው። ድርቅን ይችላሉ፤ የሚገድላቸው የአትክልተኛው ደግነት ነው። ውሃ የሚቋጥር አፈር ሥራቸውን ያበሰብሳል፣ ማዳበሪያ ሲበዛም ቅጠሉ ይንዠረገግና ግንዱ ይጋደማል።

ለእኔ ሜዳ ለማልበስ ፑልኬላን የሚያህል የለም፤ ራሱ እየዘራ ይቀጥላል። ክረምቱ በረዶ ለሆነበት ቦታ ግን አሪስታታን እመርጣለሁ። ሲገዙ ስሙን ያንብቡ፦ «ግራንዲፍሎራ» ከተባለ የሁለቱ ድቅል ነው፤ አበባው ያምራል፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው።