የመርካቶዋ ቮልስ፣ ከፋሲካ እስከ ገና

«ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ለሚል ሰው መልሱን ሳላስጠብቅ ልናገር። ቁጭ ብሎ መገጣጠም የሚወድ ይግዛ። ሳሎን ላይ የሚቆም ጌጥ የሚፈልግ ግን ገንዘቡን ይያዝ። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን መርካቶ ገዝቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ያስገባኋት ባለ 1,200 ፍሬ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ጡብ ቮልስ ክረምቱንም፣ የጥቅምትን ንፋስም፣ የቤተ ዘመዱን ሕፃናትም አሳልፋ ይኸው ገና ሊገባ ነው። በገዙ ማግስት የሚጻፍ አስተያየት የጫጉላ ወሬ ነው፤ ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ጣፋጭ። እኔ የምጽፈው ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ነው።

የሳጥኑን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም አይጠቅማችሁም። ነሐሴ ላይ እዚያው ሱቅ ብመለስ ያችው ሥዕል፣ ያችው ሰማያዊ መኪና ባለ ነጭ ጣሪያ፣ ሌላ ስም በተጻፈበት ሳጥን ተደርድራ ጠበቀችኝ። ከታዋቂው የመጫወቻ ጡብ ከሌጎ ጋር የሚሰካካ እንጂ ሌጎ ያልሆነ የቻይና ሥራ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም። የዴንማርኩ የሌጎ ኩባንያ ከላይ ጉብታ፣ ከውስጥ ቱቦ ያለውን የዛሬውን ጡብ የፈጠራ መብት የጠየቀበት በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንዲህ ያለ መብት ደግሞ ዘመን አለው፣ ያልፋል። ቅርጹን በንግድ ምልክትነት ለመያዝ ያደረገውን ሙከራም የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. አልተቀበለውም፤ ቅርጹ ሥራ የሚሠራ ነገር ስለሆነ በምልክት ስም ለአንድ ባለቤት አይሰጥም በሚል። ስለዚህ የሚገጥም ጡብ ማንም ሊሠራ ይችላል። የሰው ሳጥንና የሰው መመሪያ እንዳለ ገልብጦ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ሌብነት ነው።

የገዛሁበት ዋጋ 7,500 ብር፤ ሻጩ የጀመረው ከ11,000 ነበር። ለፕላስቲክ ይህ ሁሉ? ለምትሉኝ፣ ሌጎ ራሱ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣት ቮልስ 1,167 ፍሬ ስትሆን አሜሪካ ውስጥ 99.99 ዶላር ነበረች። ማምረቱን ካቆመ ቆይቷል፤ አሁን የምትገኘው ከሰብሳቢ እጅ ነው፣ ሰብሳቢ ደግሞ በድሮ ዋጋ አይሸጥም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚያ ላይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ቦታ መለመን አለ። ያ ቦታ ለመድኃኒትና ለጫማ ከተያዘ ሰንብቷል፤ «ለአርባ ዓመት ሴት መጫወቻ» ብሎ መጠየቅም ፊት ይፈልጋል።

ወደ መገጣጠሙ ልግባ፣ የገዛሁትም ለሱ ነውና። ፍሬዎቹ የሚመጡት ቁጥር በተጻፈባቸው ከረጢቶች ነው። እኔ የምዘረግፋቸው ሰፌድ ላይ ነው፤ ሰፌድ ጠርዝ ስላለው ክብ ክቡ ተንከባሎ ሶፋ ስር አይገባም፣ እንግዳ ሲመጣም እንዳለ አንስቶ አልጋ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ ጣጣ አለው፦ ደቃቆቹ ስፌቱ ውስጥ ይሸጎጣሉ። አንዷን የበር እጀታ በመርፌ ጫፍ ነው ያወጣኋት። መብራት ሲሄድ በስልክ መብራት መቀጠል የምትፈልጉ ሞክሩት፣ ግን ጥቁሩንና ጥቁር ግራጫውን መለየት ዘበት ነው። መመሪያው ራሱ ሁለቱን ቀለሞች አቀራርቦ ስላተማቸው በጠራራ ፀሐይም ያታግላል።

የመጀመሪያዎቹ ከረጢቶች አሰልቺ ናቸው። ወለል፣ አክስል፣ ወለል። ከዚያ ሞተሩ ይመጣል፣ በቮልስ ደንብ ከኋላ። ከፊት ኮፈኑን ስትከፍቱ ስኮርት ጎማው ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ወንበሩ ወደፊት ይታጠፋል፣ መሪው ይዞራል፤ መሪውን ስታዞሩ ግን የፊት ጎማዎቹ አይዞሩም፣ ይህን ሳጥኑ ላይ ካለው ሥዕል አታውቁትም።

ልቤን የወሰደው ፓራፋንጎው ነው። ቮልስ ላይ ቀጥ ያለ ነገር የለም፤ ጡብ ደግሞ ቀጥ ያለ ነገር ብቻ ነው። ታዲያ ያ እብጥ ያለ ፓራፋንጎ ከየት ይመጣል? በግድግዳው መሀል ጎናቸው ላይ ጉብታ ያላቸው ጡቦች ይገባሉ፤ ፓራፋንጎው ለብቻው ተሠርቶ በጎን በኩል እነሱ ላይ ይሰካል። ይህ የሚሆነው በስሌት ነው። ከአንዱ ጉብታ መሀል እስከ ሌላው መሀል 8 ሚሊሜትር ነው። የሙሉ ጡብ ቁመት 9.6፣ የስሱ ጡብ 3.2፤ ስለዚህ ሦስት ስስ አንድ ሙሉ ይሆናል። አምስት ስስ ስትደራርቡ 16 ሚሊሜትር ይመጣል፣ የሁለት ጉብታ ስፋት ማለት ነው፣ በልኩ። ተጋድሞ የተገነባው ከቆመው ጋር ክፍተት ሳይተው የሚገናኘው በዚህ ምክንያት ነው። መመሪያው አንድም ቦታ ይህን አይነግራችሁም፤ እጃችሁ ነው ቀድሞ የሚደርስበት፣ ጭንቅላታችሁ በኋላ ይከተላል። ቀኑን ሙሉ ለገሃር አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሳመሳክር የምውል ሰው ነኝ። አምስቱ ስስ ከሁለቱ ጉብታ ጋር እኩል ሲያርፍ የሚሰማኝ ደስታ መዝገብ ሲዘጋ ከሚሰማኝ ይበልጣል፤ እዚህ የሚቀረኝ ሳንቲም የለም።

ተሠርታ ስታልቅ የመጀመሪያው መርማሪ ታች ፎቅ ያሉት ጋሼ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያመላለሱት በቮልስ ነው። ቡና ይጠጡ ብዬ ስጠራቸው መነጽር ቀይረው መጡና ፊቷን ሳያዩ ከኋላ ጀመሩ።

«ፒስተኑ አራት ነው?»

«አራት ነው ጋሼ። ሁለት ሁለት ሆኖ ግራና ቀኝ ተኝቷል፣ ይዩት።»

«ቺንጊያውስ?»

«እሱን አልሠሩላትም።»

«ታዲያ ቬንትሌተሩን ምን ሊያዞረው ነው?» አሉና ጣታቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ። «ይሁን። ራዲያተር ሰክተውባት ቢሆን ነበር የምጣላሽ።»

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነውና እውነታቸውን ነው። ፖርቶመጋላው ላይ የተጫኑትን ሁለት ሻንጣዎች አይተውም አልወደዱም፤ «እዚህ ላይ የሚጫነው በግ ነው» አሉ። ሊሄዱ ሲነሱ «ይቺን መኪና እንዳትንቂያት፣ ጃንሆይንም የወሰዱባት ናት» ብለውኝ ወጡ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን መወሰዳቸውን እዚህ ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። በማግስቱ ስቲከሩን የውጭ ታርጋ አንስቼ በወረቀት ኮድ 2 አዲስ አበባ አደረግኩላት።

አሁን ወቀሳው። የቀኝ የኋላ ፓራፋንጎ ሰኔ ላይ መክፈት ጀመረ። ስትጫኑት ይገባል፣ ሳምንት ሳይሞላ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ያወጣል። እነዚህ ጡቦች ሙጫ የላቸውም፤ ጉብታው በቱቦውና በግድግዳው መሀል ሲገባ ፕላስቲኩ በጣም ጥቂት ይለጠጥና መልሶ ይጨብጣል። ያ «በጣም ጥቂት» ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ስለዚህ የሻጋታው ጥራት ሁሉን ነገር ይወስናል፤ ሌጎ ስሙን የገነባው እዚህ ላይ ነው፣ በ1958 የተሠራው ጡብ ከዛሬው ጋር ይገጥማል የሚባለውም ለዚህ ነው። የእኔዋ ላይ አንዳንዱ ፍሬ ጠብቆ አልላቀቅ ይላል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ላልቶ አይዝም። ዝም ብሎ የቆመ ቦታ ላይ ይህ አይታወቅም። በጎን ተንጠልጥሎ ክብደት የሚሸከመው ፓራፋንጎ ላይ ግን ወሩን ቆጥሮ ይወጣል። የግራው በር ማጠፊያም ላልቶ ነበር፤ መኪናዋን ሳነሳት ራሱ ይከፈት ነበር።

ጣሪያው ነጭ ነው ብያለሁ፤ ነበር ልበል። መስኮቴ ወደ ምዕራብ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እስከ መደርደሪያው ይደርሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ አልትራቫዮሌቱ ይበረታል፣ ይህ ዓይነቱ ፕላስቲክ ደግሞ ከሱ ጋር አይስማማም። በመስኮቱ በኩል ያለው ግማሽ ጣሪያ ወደ ቅቤ ቀለም ዞሯል፣ ሻንጣዎቹ የሸፈኑት ቦታ ንጣቱን እንደያዘ ነው። ሻንጣዎቹን ማንሳት አሁን አይታሰብም።

ያልጠበቅኩት የጎማውን ነው። ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ በውስጡ ማለስለሻ ኬሚካል አለው፤ እሱ ቀስ እያለ ይወጣል። ቫርኒሽ በተቀባ መደርደሪያ ላይ ለወራት ስትቆም አራት ተለጣፊ ጠባሳ ትታለች፣ በሎሚም በሳሙናም አልለቀቀም። እናንተ ከመጀመሪያው መስታወት ወይም ወፍራም ካርቶን አድርጉበት።

ክረምቱ የስቲከሮቹን ጠርዝ አጣጠፈ እንጂ ሌላ ጉዳት አላደረሰም። አቧራው ግን የባሰ ነው። በየአቅጣጫው ሕንፃ እየፈረሰና እየተሠራ ባለበት ሰሞን መስኮት ከፍቶ ማደር ማለት ጉብታዎቹን አንድ በአንድ በብሩሽ መጥረግ ማለት ነው። የሜካፕ ብሩሽ ከቀለም ብሩሽ ይሻላል። ማጠብ ካስፈለገ ፈታታችሁ ለብ ባለ ውሃ፣ ከ40 ዲግሪ ሳያልፍ፤ ትኩስ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ወንፊት ከስር ማድረግ አትርሱ፣ አለበለዚያ የፊት መብራቱ በቧንቧ ይሄዳል።

ከሳጥኑ የጎደለውም የፊት መብራት ነበር፣ አንዱ። ትርፍ የመጡ ደቃቅ ፍሬዎች ነበሩ፣ መብራት ግን አንድ ብቻ። ሻጩ «ሳጥን የሚሞላው ፋብሪካው ነው» ብሎ ገላገለኝ። መድኃኒቱ የተገኘው ከሰልባጅ ነው። አልፎ አልፎ አሮጌ መጫወቻ በከረጢት ተጠርቆ ይሸጣል፤ የተሰበረ መኪና፣ እጅ የሌላት አሻንጉሊት፣ ከታች ደግሞ ጥቂት ጡብ። እውነተኛ ሌጎ በያንዳንዱ ጉብታ ላይ ስሙ ተቀርጾበታል፣ በዓይን ሳይሆን በጥፍር ይታወቃል። ከአንዱ ከረጢት ገላጭ ክብ ፍሬ አገኘሁ፣ መብራቱ ተሞላ። ከዚያ ነው ነገሩ የገባኝ፦ ልል የሆኑትን ቦታዎች ብቻ በእነዚህ መተካት። ፓራፋንጎውን የሚሸከሙትን በጎን ጉብታ ያላቸውን ጡቦችና የበሩን ማጠፊያ ቀየርኩ። ከጥቅምት ወዲህ ፓራፋንጎው አልተነቃነቀም። ቀለም ማማረጥ ስላልተቻለ ስትገለበጥ ከሆዷ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይታያል፤ ማን ገልብጦ ያያል ብዬ ትቼዋለሁ፣ ከባትላሜራ የወጣች እውነተኛ ቮልስም ከዚህ የተለየ ታሪክ የላትም።

ቤታችሁ ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ በሩ በሚቆለፍ ክፍል ካልሆነ አትጀምሩት። የሚዋጡ ፍሬዎች ናቸው።

ሁለተኛ ትገዣለሽ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ግን ከዚያው ሳጥን አይደለም። አሁን የሚያምረኝ ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲ ነው፣ መመሪያ ስለማላውቅለት ከቮልሷ ትርፍና ከሰልባጁ ከረጢት ራሴ እያቀድኩት ነው። ላዳ ቀጥ ቀጥ ያለች ስለሆነች ከቮልስ ትቀላለች ብዬ ነበር፤ የፊት መስታወቱ ዝንባሌ አስቸግሮኝ እስካሁን ጣሪያ አልደረስኩም።

ለመግዛት መርካቶ ለምትወርዱ፦ ሳጥኑን ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍቱት፣ ካልከፈተ ሌላ ሱቅ ሂዱ። የከረጢቶቹን ቁጥር ተከታትላችሁ እዩ፣ በመሀል የሚዘል ካለ ተዉት። መመሪያው ከተጣጠፈ ፖስተር ይልቅ ደብተር መሆኑን አረጋግጡ። ሻጩ «ኦሪጅናል ሌጎ ነው» ካለ ደግሞ አንዲት ፍሬ ተቀብላችሁ ጉብታዋን በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ፤ ስም ከሌለባት ሳትጣሉ ለእሱም አሳዩትና ከዚያ ዋጋ ጀምሩ።