ከፍልፈል ጉድጓድ ፊት ለፊት፦ ሁለት ቀን በሳነቲ

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ቀይ ቀበሮን 11 ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ ላይ ሳስተምር ኖሬ ዘንድሮ በዓይኔ ልየው ብዬ ባሌ ሄድኩ። ከዲንሾ ከተማ አስጎብኚ ይዤ፣ ሳነቲ በሚባለው የባሌ ተራሮች አምባ ላይ ሁለት ቀን ዋልኩ።

በመጀመሪያው ቀን የተከራየሁት መኪና አናደደኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተባብለን ሹፌሩ የመጣው 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። የመኪናውን ነገር ከአስጎብኚያችሁ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ።

አስጎብኚው ግን ልቤን ነው የገዛው። ሳነቲ ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራል። እሱም አላጣደፈኝም። አንድ ጉድጓድ አጠገብ ስንደርስ፣ «መምህር፣ እዚህ ቁጭ ይበሉ። ጥላዎ ጉድጓዱ ላይ እንዳያርፍ» አለኝ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ከዚያ አፈሩ ነቅነቅ አለና ትልቁ ፍልፈል ብቅ አለ። ዓይኖቹ ወደ አናቱ የወጡ፣ ጥርሱ ብርቱካንማ። ወገቡ ከጉድጓዱ ሳይወጣ በዙሪያው ያለውን ሣር ነጨና አፉን ሞልቶ ወደ ኋላው ገባ። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ቆማለች። እሱ ከሚገለብጠው አፈር ትል ትለቅማለች፤ አደጋ አይታ ስትጮኽ ደግሞ እሱ ይሸሸጋል። ይህ የፍልፈል ዝርያ ከባሌ ሌላ የትም የለም። የባሌው ቀይ ቀበሮ ዋና ምግብም እሱ ነው።

ቀበሮውን ያገኘነው በማግስቱ ነው። ብቻውን፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ጉድጓድ ያዳምጣል። በጠራራ ፀሐይ! ፍልፈሉም አይጦቹም የሚወጡት ቀን ስለሆነ አደኑም ቀን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ናቸው። ዝም ብዬ እንባዬ መጣ። የአካባቢው ሰው «የፈረስ ቀበሮ» ይለዋል አለኝ አስጎብኚው። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ ነው።

የጎደለውንም ልናገር። ጅብራ የሚባለውን ረጅም ተክል በደንብ አስረዳኝ፤ ትንንሾቹን ዕፅዋት ግን የሚያውቃቸው በኦሮምኛ ስማቸው ብቻ ነው። እየጠየቅኩ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። የርቀት መነጽሩም አንድ ብቻ ስለሆነ የራሳችሁን ያዙ። ክፍያው ለአስተማሪ ኪስ ከበድ ይላል፤ እኔ ግን አልቆጨኝም። በአንድ ቀን እመለሳለሁ ብላችሁ ብቻ አትሂዱ።

ለጥር ዕረፍት 8 ተማሪዎች ይዤ ልመለስ ቀን ቆርጠናል። መጀመሪያ የማስቀምጣቸው እዚያው ጉድጓድ አጠገብ ነው።